የቤተ ክርስቲያን ቡድን ይዞ የሮዝ ፓሬድ ፍሎት በአበባ ማስጌጥ፦ ደረጃ በደረጃ

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ከየቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «እናቶችና ወጣቶች ሆነን ፓሳዴና ሄደን ለሮዝ ፓሬድ፣ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት የአበባ ሰልፍ፣ የሰልፍ ተሽከርካሪ (ፍሎት) ማስጌጥ እንፈልጋለን። ምን እንያዝ? መቼ እንሂድ? አበባ ነክቶ የማያውቅ ሰው ምን ይሠራል?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ቡድኑን ለሚያስተባብረው ሰው ነው። አብረውት የሚሄዱትም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ሥራው የአበባ ባለሙያ አይጠይቅም። መቀስ የሚይዝ፣ የታየውን ናሙና ልብ ብሎ የሚከተል፣ አንድን ነገር ለሰዓታት ሳይሰለች የሚደጋግም ሰው ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል።

ፍሎት ማለት በሞተር በሚሄድ ሻሲ ላይ ብረት ተበይዶ፣ የሽቦ መረብ ለብሶ፣ ቅርጽ ወጥቶለት፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ በዕፅዋት የሚሸፈን የሰልፍ ተሽከርካሪ ነው። ሰልፉ በፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ ጃንዋሪ 1 ከጠዋቱ 8፡00 (በአሜሪካ አቆጣጠር) ይጀምራል። ጃንዋሪ 1 እሑድ ከዋለ ወደ ጃንዋሪ 2 ይሸጋገራል። መንገዱ 5.5 ማይል ሲሆን አብዛኛው የኮሎራዶ ቡልቫርድ ነው።

ሁሉም ነገር የሚነሣው ከአንድ ሕግ ነው፦ የሚታይ ቦታ በሙሉ በአበባ ወይም በሌላ ተፈጥሯዊ የዕፅዋት ውጤት (በዘር፣ በቅጠል፣ በቅርፊት፣ በአትክልት) መሸፈን አለበት። ሰው ሠራሽ አበባም ሆነ ቀለም የተነከረ ነገር አይፈቀድም። ቀይ ከፈለጋችሁ በተፈጥሮው ቀይ የሆነ ነገር ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ይህን ሕግ ጠብቆ፣ አበባው ሳይጠወልግ እስከ ሰልፉ ፍጻሜ ለማድረስ ነው።

ቡድኑ ይዞት የሚሄደው

ፍሎቱ የሚሠራበት መጋዘን አበባውን፣ ዘሩን፣ ማጣበቂያውንና ብልቃጡን (የአበባው ግንድ የሚገባበትን ትንሽ የውሃ ዕቃ) ያቀርባል። አበባ ገዝታችሁ አትሂዱ። ዲዛይኑ የእያንዳንዱን ዝርያና ቀለም መጠን አስቀድሞ የወሰነ ስለሆነ የእናንተ አበባ ቦታ አይኖረውም። ለ20 ሰው የሚከተለውን ያዙ፦

- ጫፋቸው ሹል የሆነ ትንንሽ መቀሶች፣ 10 ያህል፣ በቀለም ቴፕ ምልክት የተደረገባቸው (ከመጋዘኑ መቀስ ጋር እንዳይቀላቀሉ)
- ወረንጦ፣ 4 ወይም 5
- ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ብሩሾች፣ 6 ያህል
- ቀጭን የጎማ ጓንት አንድ ሳጥን፣ ለጽጌረዳ እሾህ ደግሞ 4 ጥንድ ወፍራም ጓንት
- የአቧራ ማስክ 10፣ የዓይን መከላከያ መነጽር 4
- ሽርጥ ወይም ቢጣል የማያሳዝን ሸሚዝ ለእያንዳንዱ ሰው
- እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ 2፣ የቁስል ፕላስተር
- የተሳታፊዎች ስም ዝርዝርና የድንገተኛ ጊዜ ተጠሪ ስልክ፣ በወረቀት የታተመ

ልብስን በተመለከተ፦ ጣቱ የተዘጋ፣ የማያንሸራትት ጫማ ግዴታ ነው። መጋዘኖቹ ሰፊና በራቸው ክፍት ስለሆነ ዲሴምበር ላይ ጠዋትና ማታ ይበርዳሉ፤ ደራርባችሁ ልበሱ። ረጅም ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ሻርፕ፣ ረጅም የአንገት ሐብል ቤት ይቅር። ኮላ ውስጥ ይገባል፣ ከመወጣጫው ብረት ጋር ይያያዛል። ጸጉር በሻሽ ይታሰር።

ደረጃ 1፦ መጋዘን ምረጡ፣ በጊዜ ተመዝገቡ

ፍሎቶቹ የሚሠሩባቸው ቦታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለብዙ ድርጅቶች ፍሎት የሚሠሩ ኩባንያዎች መጋዘን ነው፤ ትልልቆቹ በአይርዊንዴልና በአዙሳ አካባቢ ናቸው። ሁለተኛው በነዋሪዎችና በተማሪዎች ጉልበት የሚሠሩት ናቸው፦ በርባንክ፣ ዳውኒ፣ ሲየራ ማድሬ፣ ሳውዝ ፓሳዴና፣ ላ ካንያዳ ፍሊንትሪጅ፣ እንዲሁም የካል ፖሊ ዩኒቨርሲቲዎች። የመጀመሪያው ትልቅ ቡድን ለመቀበል የተደራጀ ነው። ሁለተኛው ጋ ደግሞ ሰው ስለሚያንስ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሥራ ይበዛል፣ ዓይነቱም ይለያያል። ከ15 ሰው በታች ከሆናችሁ ሁለተኛውን እንመክራለን።

ስትደውሉ እነዚህን አምስት ጠይቁ፦ ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ከ18 ዓመት በታች ላሉ የወላጅ ፊርማ በምን ቅጽ ነው? ፈረቃው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው? መኪና የት ይቆማል? ምግብ የት ይበላል? ዝቅተኛው ዕድሜ በየቦታው ይለያያል። በብዙዎቹ 13 ዓመት አካባቢ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ያላቸው ወላጆች ከወዲሁ ይወቁት። መኪና ውስጥ ተጭኖ መጥቶ በር ላይ የሚመለስ ልጅ እጅግ ያሳዝናል።

የቅዳሜ ፈረቃዎች ቀድመው ይሞላሉ። ምዝገባ እንደተከፈተ ያዙ። ያስመዘገባችሁት ቁጥር እውነተኛ ይሁን፦ 30 ብላችሁ 17 ከመጣችሁ ለ30 ሰው የታሰበው ክፍል ሳይሸፈን ያድራል።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ሳምንት እንደምትሄዱ ወስኑ

ሥራው ሁለት ዘመን አለው። ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ ያለው የደረቁ ነገሮች ጊዜ ነው፦ ዘር፣ ቅርፊት፣ የተፈጨ ቅመም፣ የደረቀ አበባ። ከዲሴምበር 26 በኋላ ያለው የትኩስ አበባ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘር ተጣብቆ ወር ቢቀመጥ አይለወጥም፤ ጽጌረዳ ግን ዲሴምበር 20 ቢሰካ ለሰልፉ አይደርስም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ፣ በተለይም አረጋውያን ካሉበት፣ የዲሴምበርን የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ቅዳሜ ምረጡ። ግፊያ የለም፣ ኃላፊዎቹ ለማስተማር ጊዜ አላቸው፣ አብዛኛው ሥራ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ሰው ሁሉ አበባ የሚነካበትን ቀን ይመኛል፤ ያ ደስታ ከዲሴምበር 27 እስከ 30 ባሉት ቀናት ነው ያለው። ግን በእነዚያ ቀናት ረጅም ሰዓት መቆም፣ እርጥብ ወለልና ጥድፊያ አለ።

ደረጃ 3፦ ሰውን ከመሄዳችሁ በፊት በሥራ መድቡ

ለ20 ሰው ይህ አመዳደብ ይሠራል፦

- ተቀምጠው የሚቆርጡና የሚለዩ፦ 8 (እናቶች፣ አባቶች፣ ጉልበት የሚያማቸው)
- ማጣበቂያ የሚቀቡና የሚለጥፉ፦ 6
- ብልቃጥ የሚሞሉ ወይም የሚፈጩ፦ 3
- ተሸካሚና አመላላሽ፦ 2
- አስተባባሪ፦ 1

አስተባባሪው በእጁ አይሥራ። ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር የሚነጋገረው፣ የጎደለውን የሚያመጣው፣ የደከመውን የሚያሳርፈው እሱ ነው። ሃያ ሰው ኃላፊውን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ኃላፊው ሥራ ይፈታል፣ ሃያው ሰውም የተለያየ መልስ ይዞ ይመለሳል።

ሰውን በየሰዓቱ ከሥራ ወደ ሥራ አታዘዋውሩ። እጅ አንድን ሥራ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲለምድ ግን ፍጥነቱም ጥራቱም ይጨምራል። መቀያየር ካስፈለገ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ይብቃ። ጸሎታችሁን መግቢያው ላይ ከመቆማችሁ በፊት፣ መኪና ማቆሚያው ጋ አድርሱ። ከገባችሁ በኋላ የደኅንነት ገለጻው ወዲያው ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን ተቀብላችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ

ፍሎቱ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ጌጥ አይደለም፤ ምን የት እንደሚገባ የሚያሳይ ካርታ ነው። በዘሮቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ቢቀር እንዳያስታውቅም ከሚለጠፈው ነገር ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው የሚቀባው። ስለዚህ «እዚህ ጋ ቢጫ ቢሆን ያምራል» የሚባል ነገር የለም።

ኃላፊው አንድ የተሠራ ናሙና እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፦ አንድ የተቆረጠ ቅጠል፣ አንድ የተሞላ ብልቃጥ፣ አንድ የተለጠፈ ቁራጭ። መሃል ላይ አስቀምጡት። በቃል የተሰጠ መመሪያ በሦስተኛው ሰው ጆሮ ይለወጣል፤ ናሙና አይለወጥም።

ደረጃ 5፦ የደረቁትን አዘጋጁ

በብዛት የሚያጋጥሟችሁ እነዚህ ናቸው። ለጥቁር፦ የሽንኩርት ዘር፣ ጥቁር ቦሎቄ፣ የባሕር አረም። ለነጭ፦ ሩዝ፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት። ለቡናማ፦ ተልባ፣ ቀረፋ፣ የተፈጨ ቡና፣ የዋልነት ቅርፊት። ለአረንጓዴ፦ አተር ክክ፣ የደረቀ ፓርስሊ። ለቀይና ለብርቱካናማ፦ ፓፕሪካ፣ ምስር ክክ። ለቢጫ፦ የበቆሎ ዱቄት። ለብርማ፦ ሉናሪያ የሚባለው ተክል ስስ ሽፋን። ስትሮፍላወርና ስታቲስ የሚባሉት አበቦች ደግሞ ደርቀውም ቀለማቸውን ስለማይለቁ ለፊት፣ ለልብስና ለላባ ያገለግላሉ።

ስትሮፍላወር እንዲህ ይቆረጣል። አበባውን በሆዱ ይዛችሁ ከውጭ ካሉት የአበባ ቅጠሎች ጀምሩ። መቀሱን ከቅጠሉ ሥር አስጠግታችሁ አንድ በአንድ ቁረጡ። መሃሉ ያለው ጠንካራ ቢጫ ክፍል አይገባም። በእጅ ከነቀላችሁት ቅጠሉ ከሥሩ ነጭ ቁራጭ ይዞ ይወጣል፣ ያ ነጭ ደግሞ ሲለጠፍ ይታያል። ከአንድ አበባ ጥቁር ቀይም ፈዛዛ ቀይም ስለሚወጣ በሁለት ሳህን ለዩ። ካልለያችሁት የለጠፋችሁት ፊት ዝንጉርጉር ይሆናል።

የሚፈጭ ነገር ካለ ትንሽ በትንሽ ፍጩ፣ በወንፊት ንፉ። እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚስተው ነገር አለ፦ አንድ ነገር በደቀቀ ቁጥር ቀለሙ ይፈዛል። ጠዋት የተፈጨውና ከሰዓት የተፈጨው እኩል ካልደቀቁ ሁለት ቀለም ይመስላሉ። መፍትሔው ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገውን ሁሉ መጀመሪያ ፈጭቶ፣ በአንድ ትልቅ ዕቃ ቀላቅሎ፣ ከዚያ መለጠፍ ነው።

መጠኑን ለመገመት 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሠርታችሁ የፈጀውን ለኩ። ለ1 ካሬ ሜትር በ11 አባዙት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘር ለ1 ካሬ ሜትር 3 ሊትር ይፈጃል፤ የሚራገፈውን ጨምራችሁ 4 ያዙ።

ደረጃ 6፦ ዘርና ዱቄት መለጠፍ

1. የሚለጠፍበትን ቦታ በደረቅ ብሩሽ ከአቧራ አጽዱ። ኮላ አቧራውን ከያዘ ዘሩ ከአቧራው ጋር ይረግፋል።
2. ነጭ ኮላ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ቀቡ። ለ1 ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ይበቃል። እንደ ቦሎቄ ላለ ትልቅ ፍሬ እጥፉን አድርጉ፣ ፍሬው ግማሹ ድረስ ኮላው ውስጥ መቀመጥ አለበትና።
3. በአንድ ጊዜ ከሁለት መዳፍ ስፋት በላይ አትቀቡ። ኮላው ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ካበጀ በኋላ ዘር ቢወረወርበት የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም።
4. ዘሩን አፍስሱ፣ በደረቅ መዳፍ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። አታሹት፤ ስታሹት ኮላው ወደ ላይ ወጥቶ ዘሩን ነጭ ያደርገዋል።
5. ከሥር ትሪ አድርጋችሁ የተረፈውን አራግፉ። ትሪው ላይ የወደቀው ኮላ ካልነካው ተመልሶ ያገለግላል።
6. እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በቀዝቃዛ ምሽት ይዘገያል። ከዚያ ጎን ለጎን በእጅ ባትሪ እዩት። ብርሃኑ በአግድም ሲመታው ባዶው ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። ክፍተቱን በወረንጦ ሙሉ።

ነጭ ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ውሃ ሲነካው ግን ተመልሶ ይለሰልሳል። ስለዚህ ከላዩ ትኩስ አበባ የሚመጣበት፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ክፍል ላይ ሌላ ውሃ የማይፈታው ማጣበቂያ ይታዘዛል። የትኛው የት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ሰልፉ ዝናብም ቢዘንብ ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ቅጠልና የአበባ ቅጠል መለጠፍ

የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበቆሎ ሽፋን፣ የስትሮፍላወር ቅጠል የሚለጠፈው ተደራርቦ ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ። እያንዳንዱ ረድፍ ከሥሩ ያለውን አንድ ሦስተኛ ይሸፍን። ኮላው የሚነካው የቅጠሉ ሥር ብቻ ነው፤ ጫፉ ነጻ ይሁን። ከላይ ከተጀመረ የእያንዳንዱ ረድፍ የተቆረጠ ጠርዝና ኮላ ፊት ለፊት ይታያል፤ ማስተካከያውም ነቅሎ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

የላባ ወይም የጸጉር አቅጣጫ ካለ ጫፎቹ ሁሉ ወደዚያ ይዙሩ። ሁለት ሰው ከሁለት ጎን ተነሥቶ መሃል ላይ የሚገናኝ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት በእርሳስ የአቅጣጫ መስመር አስምሩ። አለበለዚያ መሃሉ ላይ ስፌት ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ትኩስ አበባ መቀበልና ውሃ ማጠጣት

አበባ በሳጥን ተጭኖ ረጅም መንገድ መጥቶ ጠምቶት ነው የሚደርሰው። ሳጥን እንደተከፈተ ወደ ፍሎት አይሄድም።

ከውሃ በታች የሚሆኑትን ቅጠሎች ሁሉ አንሡ፤ ውሃ ውስጥ የቀረ ቅጠል ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያውም የግንዱን የውሃ መተላለፊያ ይደፍናል። ከግንዱ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡና ወዲያው ባልዲ ውስጥ አስገቡ። ወዲያው የምንለው ግንዱ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ቀጭኖቹ ቧንቧዎች አየር ስለሚስቡና ውሃ ማስተላለፍ ስለሚያቆሙ ነው። ቢያንስ 2 ሰዓት ይጠጣ። እሾህ ስታራግፉ የግንዱን ቆዳ አትላጡ።

የመክሰስ ሙዝና ፖም ከአበባ ባልዲ አጠገብ አታስቀምጡ። የሚበስል ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ አበባን ያስረጃል፤ ካርኔሽን የሚባለው አበባ በተለይ አይችለውም። ማሞቂያ አጠገብም አታቁሙ።

ደረጃ 9፦ ብልቃጥ መሙላት

ጽጌረዳና ሌሎች ግንዳቸው ጠንካራ የሆኑ አበቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ አላቸው፣ መሃሉ ቀዳዳ ያለው የጎማ ክዳን የገጠመ። ቡድናችሁ በትኩስ አበባ ሳምንት ከሄደ ከምንም በላይ የሚሠራው ይህን ነው።

1. ብልቃጡን ገንዳ ውስጥ አጥልቃችሁ እስከ አፉ ሙሉ።
2. ክዳኑን እዚያው ውሃው ውስጥ ግጠሙ። ውጭ ከተገጠመ ከላይ የአየር አረፋ ይቀራል፤ ግንዱ አረፋው ላይ ካረፈ አይጠጣም።
3. ግንዱን በናሙናው ልክ በሰያፍ ቁረጡ። ከክዳኑ በታች ያለው እስከ ብልቃጡ ሥር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይሁን።
4. ግንዱን ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዛችሁ እያዞራችሁ በቀዳዳው አስገቡ። ጽጌረዳን ከአናቱ ይዞ የሚገፋ ሰው አንገቱን ይሰብረዋል፤ ስብራቱ ያን ጊዜ አይታይም፣ በማግስቱ ግን አበባው ይደፋል።
5. ብልቃጡን ዘቅዝቃችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ከተንጠባጠበ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ወይም ግንዱ ለቀዳዳው ቀጥኗል፤ ሌላ ሞክሩ። ግንዱ ከወፈረ አትቅረጹት፣ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ክዳን ጠይቁ።
6. ከውጭ ያሉትን የተጎዱ አንድ ሁለት የጽጌረዳ የአበባ ቅጠሎች አንሡ። ከዚያ በላይ ካነሣችሁ አበባው ያንሳል፣ የተቆጠረው ብዛትም አይበቃም።
7. በዓይነትና በአከፋፈት ለይታችሁ ደርድሩ፤ እንቡጡና የፈካው በአንድ ሳጥን አይቀላቀሉ።

አንድ ሰው ይሙላ፣ አንድ ይቁረጥ፣ አንድ ይሰካ። ሦስቱን አንድ ሰው ከሠራው የተቆረጠው ግንድ ብልቃጥ እስኪሞላ አየር ላይ ይቆያል።

ደረጃ 10፦ ፍሎቱ ላይ መሰካት

የሚሰካው በፎም ውስጥ ነው። ከብልቃጡ ትንሽ በቀጠነ ብረት ቀዳዳውን አስቀድማችሁ አበጁ። ቀዳዳው ከሰፋ ፍሎቱ ሲንቀጠቀጥ ብልቃጡ ይወጣል፣ ከጠበበ ስትገፉት ክዳኑ ይከፈታል። የምትገፉት ብልቃጡን ነው እንጂ አበባውን አይደለም።

ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ የብልቃጡ አፍ ከሥሩ ከፍ እንዲል አዘንብላችሁ ስኩ። አግድም ወይም ወደ ታች ከሆነ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ግንዱ ከውሃ ይወጣል።

ርቀቱን ኃላፊው ይነግራችኋል። ለግምት ያህል፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የሚሰካ ጽጌረዳ ለ1 ካሬ ሜትር 400፣ በ6 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 280 ያህል ይፈጃል። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያመጣውን ልዩነት እዩ። ዳር ላይ አጥብቆ የጀመረ ቡድን መሃል ሲደርስ አበባ ያልቅበታል።

ከላይ ወደ ታች፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ሥሩ። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃና የሚወድቀው ቅጠል የተጠናቀቀ ክፍል ላይ እንዳያርፍ፣ እናንተም የጨረሳችሁት ላይ እንዳትደገፉ ነው።

ደረጃ 11፦ ፍተሻ

ከ5 ሜትር ርቃችሁ እዩት፣ ቀጥሎ ከ30 ሳንቲ ሜትር። ከሩቅ የቀለም ስፌትና የተዛባ ረድፍ ይታያል፤ ከቅርብ የሽቦ መረብ፣ ቀለም፣ ፎምና ኮላ። ቁጭ ብላችሁ ከሥርም እዩ፤ ሕዝቡ መንገድ ዳር ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ የጠርዞች የታችኛው ገጽታ በብዛት የሚረሳ ነው። ያገኛችሁትን ክፍተት በቴፕ ምልክት አድርጉና ለኃላፊው አሳዩ። ቴፑን መልሳችሁ መንቀላችሁን አረጋግጡ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ዳኞች መጋዘን ድረስ ይመጣሉ። ውረዱ ሲባል የያዛችሁትን ጨርሱ አትበሉ፤ ወዲያው ውረዱ።

ማስጠንቀቂያ

- መወጣጫ ላይ ኃላፊው ያልፈቀደለት ሰው አይውጣ። ሥር የቆመ ሰው ካለ ከላይ መቀስ እጅ ላይ አይንጠልጠል።
- ብዙ ፍሎቶች የሚንቀሳቀስ አካል አላቸው፦ ክንፍ፣ አንገት፣ መንኮራኩር። ቆሞ ስታዩት የማይንቀሳቀስ ይመስላል። ጠይቃችሁ እንጂ እጃችሁን መገጣጠሚያው ውስጥ አታስገቡ።
- በግፊት የሚረጭ ማጣበቂያ ይነድዳል፣ ጭሱም ራስ ያዞራል። ነፍሰ ጡርና አስም ያለባቸው ከዚያ ጠረጴዛ ይራቁ።
- ቀረፋና ፓፕሪካ ሲፈጩ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ማስክና መነጽር ሳይደረግ ብሌንደር አይነሣ።
- የለውዝ ዘር አለርጂ ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የዋልነት ቅርፊት በየጠረጴዛው ሊኖር ይችላል።
- የፈሰሰ ውሃ ወዲያው ይወልወል፤ ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ዘሩ በማግስቱ በክምር ይረግፋል፦ ኮላው ቆዳ ካበጀ በኋላ ነው የተበተነው፣ ወይም ሥሩ አቧራ ነበር። እላዩ ላይ ኮላ ቀብቶ ማዳን አይቻልም፤ ፍቃችሁ እንደገና ሥሩ።

ጽጌረዳዎች አንድ ረድፍ ብቻ ይደፋሉ፦ አንድ ሰው የሞላቸው ብልቃጦች ናቸው ማለት ይቻላል። ሳጥኑን ፈልጋችሁ የቀሩትን ዘቅዝቃችሁ ፈትሹ፣ ሰውየውንም ሳታሳፍሩ ደረጃ 9ን አብራችሁት ሥሩ።

ሁለት ጎረቤት ክፍሎች ዳራቸው ተቀላቅሎ መስመሩ ይጠፋል፦ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተጀምረዋል። ጠቆር ያለውን ዱቄት መጀመሪያ ላይ ለጥፉ፤ ጥቁር ነጭ ላይ ከወደቀ አይጠራም፣ ድንበሩንም በወረቀት ቴፕ ያዙ።

ወጣቶቹ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልካቸውን ያወጣሉ፦ ሥራው ስላልተከፋፈለ ነው። ለሁለት ለሁለት አድርጋችሁ የራሳቸውን የተከለለ ክፍል፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ስጧቸው።

ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋል፦ አንዳንድ መጋዘን ከሰልፉ በፊት ዲዛይኑ እንዲታይ አይፈልግም። ጠዋት ጠይቁ፣ ለሁሉም ተናገሩ።

ፈረቃው ሊያልቅ 30 ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ክፍል ይጀመራል፦ አትጀምሩ። በዚያ ጊዜ የተረፈውን ዘር በየዕቃው መልሱ፣ ብሩሾቹን ኮላው ሳይደርቅ እጠቡ፣ ባዶ ብልቃጦችን ክዳናቸውን ለይታችሁ መልሱ፣ መቀሶቻችሁን ቁጠሩ። የት እንዳቆማችሁ፣ ከየትኛው ዕቃ እንደወሰዳችሁና ምን እንደጎደለ በወረቀት ጽፋችሁ ክፍሉ አጠገብ ለጥፉ፤ ቀጣዩ ፈረቃ ከእናንተ ጋር ሳይገናኝ ነው የሚገባው።